የትኛው ኤአይ ለየትኛው ሥራ? ከ«ሰኔ 30» የተማርኩት

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ የኒውዮርኩም ገበያ የእኛም ምርት ገበያ ዝግ ስለሆነ የዋጋ ሠንጠረዥ የለም። በምትኩ ሰሞኑን በውስጥ መስመር እየደጋገማችሁ የጠየቃችሁኝን ልመልስ። «ወንድም፣ ከእነዚህ ኤአይ ከሚባሉት የትኛው ይሻላል? ቻትጂፒቲ ነው፣ ጀሚኒ ነው፣ ዲፕሲክ ነው? ለቡና ሥራ የቱን ልጫን?» ነው ጥያቄው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ፣ አረፍ ብላችሁ አንብቡት።

በመጀመሪያ የራሴን ስህተት ላስቀድም፤ ትምህርቱ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ኮንቴይነር የታጠበ ቡና አገናኘሁ። ሻጩ ራሱ የሚልክ አንድ ዩኒየን፣ ገዢው አውሮፓ ውስጥ ያለ ቆዪ። የእንግሊዝኛውን መጻጻፍ የምይዘው እኔ ነኝ። የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ «ቡናውን እስከ ሰኔ 30 ለጭነት ዝግጁ እናደርጋለን» የሚል ማህተም ያለበት ደብዳቤ በፎቶ ላኩልኝ። ያን ሰሞን ስልኬ ላይ አዲስ ኤአይ ጭኜ ነበር። ፎቶውን ሰጠሁትና «ይሄን ለገዢው በጥሩ እንግሊዝኛ ጻፍልኝ» አልኩት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። አንድ ጊዜ አየት አደረግኩና ላክሁት።

ያ ያማረ ደብዳቤ ውስጥ «ሰኔ 30» የሚለው «ጁን 30» ሆኖ ገብቶ ነበር። ሰኔ 30 በፈረንጆቹ ጁላይ 7 ነው። ጁን 30 በእኛ ሰኔ 23። የአንድ ሳምንት ልዩነት። ሽያጩ ኤፍኦቢ ጅቡቲ ስለነበር መርከብ ላይ ቦታ የሚያስይዘው ገዢው ነው፤ እሱም ጁን 30ን ይዞ አስያዘ። ሰኔ 24 ጠዋት ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ ከሹፌሮች ጋር ሻይ እየጠጣሁ ኢሜይሉ ገባ፦ «ኮንቴይነራችን የት ነው?» ቡናው ገና መጋዘን ነው። ዩኒየኑ በራሱ ቀጠሮ ስድስት ቀን ይቀረዋል፤ ገዢው ግን መርከቡ አምልጦታል።

ብዙ ከተለመነ በኋላ ገዢው በፓውንድ 2 ሳንቲም ቀንሱልኝና ልቀጥል አለ። 2 ሳንቲም ስትሉት ምንም አይመስልም አይደል? ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ሲሞላ አንድ ኮንቴይነር 19,200 ኪሎ ነው። ወደ ፓውንድ ሲመነዘር 42,328። ስለዚህ እያንዳንዷ ሳንቲም 423 ዶላር ናት፤ ሁለቷ 846 ዶላር። ሥራ አስኪያጁ ጋ ስደውል «ልጄ፣ እኛ የጻፍነው ሰኔ 30 ነው፤ ደብዳቤያችን እጅህ ላይ አለ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ከኮሚሽኔ ተቆረጠ፤ የሁለት ወር ሩጫዬ ለትራንስፖርትና ለስልክ ብቻ ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ ማሽኑን መስደብ አማረኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን እኔ «ጥሩ እንግሊዝኛ» ጠየቅሁት፣ እሱም ሰጠኝ። ቀን እንዲመነዝር አልነገርኩትም፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑንም አልነገርኩትም። የደብዳቤ መሣሪያ ይዤ የኮንትራት ሥራ ሠራሁበት፤ ኩርባን በዶማ እንደማረስ ያለ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ኤአይ ከመክፈቴ በፊት ራሴን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መልሱ ከየት ነው የሚመጣው? ቢሳሳትስ ስንት ያስከፍለኛል? የስሙ ጉዳይ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያውን ላብራራ። እነዚህ ነገሮች ተራራ የሚያህል ጽሑፍ አንብበው ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ መገመት የተማሩ ናቸው። ንባባቸው አንድ ቀን ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ካልፈለጉ ወይም እናንተ ካልሰጣችኋቸው አያውቁትም፤ ችግሩ ደግሞ «አላውቅም» ማለት ብዙም አይሆንላቸውም። በሙሉ ልብ ይነግሯችኋል። ስለዚህ መልስ የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው፦ ከማሽኑ ትዝታ፣ በዚያች ደቂቃ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ካገኘው፣ ወይም እናንተ ከሰጣችሁት ወረቀት።

የትዝታውን አደጋ በእኛው ብር እዩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅቀው አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ንባቡ ከዚያ በፊት የቆመ ኤአይ ዛሬም የላኪን ገቢ በ57 ብር ያሰላል። ስሌቱ ንጹሕ፣ ሠንጠረዡ ያማረ፣ ገንዘቡ ከግማሽ በታች። ቡናውም እንደዚሁ ነው። የኒውዮርክ አረቢካ ዋጋ እ.ኤ.አ. በ1977 የተመዘገበውን ክብረ ወሰን የሰበረው በታህሳስ 2017 (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2024) ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ይህን ያላነበበ መሣሪያ «ይህ ዋጋ በታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ነው፣ ምናልባት የተሳሳተ አሃዝ ይሆናል» ብሎ ሊከራከራችሁ ይችላል።

ስለዚህ ዜና፣ ዋጋ፣ ምንዛሪና መመሪያ የምትጠይቁ ከሆነ ፍለጋ ያለው መሣሪያ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ፐርፕሌክሲቲ ከመነሻው ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ምንጩን በማስፈንጠሪያ ያሳያል። ጀሚኒም፣ ቻትጂፒቲም፣ ክሎድም ፍለጋ አላቸው፤ ግን ሁልጊዜ አይፈልጉም፣ አንዳንዴ ከትዝታቸው ይመልሳሉ። «ኢንተርኔት ላይ ፈልገህ፣ የጽሑፉን ቀን ጨምረህ ንገረኝ» ብላችሁ እዘዙ። ማስፈንጠሪያ ካልሰጣችሁ ከትዝታው ነው ብላችሁ ያዙት። ከሰጣችሁ ደግሞ ተጫኑት፤ ብዙ ሰው አይጫንም።

አዲስ መሣሪያ ስትሞክሩ የምትፈትኑበት አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ ኢዩዲአር የምንለው፣ ለትልልቅ ድርጅቶች ተግባራዊ የሚሆነው መቼ ነው? ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ የተባለው ዲሴምበር 30 ቀን 2024 ነበር። ወደ ዲሴምበር 30 ቀን 2025 ተራዘመ። እንደገና ወደ ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ተገፋ፤ ለጥቃቅንና አነስተኛዎቹ ደግሞ እስከ ጁን 30 ቀን 2027። 2024 ብሎ የሚመልስ ያነበበው የድሮ ነው፣ 2025 የሚል ትንሽ ሻል ያለ፣ ሁለቱንም መራዘም የሚነግራችሁ ፈልጓል ማለት ነው። በአንዲት ጥያቄ ደረጃ ወጣለት፤ እንደ ናሙና ቅምሻ በሉት።

ሁለተኛ ፈተና ካስፈለጋችሁ ስለ ቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ጠይቁት። በአማርኛ ቁጥሩ 1051/2009 ነው፤ በእንግሊዝኛው ቅጂ 1051/2017 ይላል። አንድ አዋጅ ነው። «በ2017 በወጣው አዲስ አዋጅ የቀድሞው ተሽሯል» ብሎ በእርግጠኝነት የሚተነትንላችሁ ካገኛችሁ ለሕግ ነገር አትመኑት። በዚህ የተጎዳነው እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ ከራሱ የፈጠራቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች አቤቱታቸው ውስጥ ከተው ፍርድ ቤት አቀረቡ፤ 5,000 ዶላር ተቀጡ። የተማሩ ጠበቆች ናቸው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ ለላኪና ለዩኒየን ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ነው ባይ ነኝ። ኮንትራት፣ ኤልሲ፣ መመሪያ፣ የመርከብ ድርጅት ማስታወቂያ፣ ይሄ ሁሉ እጃችሁ ላይ ያለ ወረቀት ነው። ማሽኑ ከትዝታው እንዲያወራ አትፈልጉም፤ ወረቀቱን ብቻ አንብቦ እንዲመልስ ነው የምትፈልጉት። ለዚህ የጉግሉ ኖትቡክኤልኤም በነፃ ይገኛል። ፒዲኤፎቻችሁን ትጭናላችሁ፣ ትጠይቃላችሁ፣ መልሱን ከየትኛው አንቀጽ እንዳመጣው ቁጥር አድርጎ ያሳያል፤ ቁጥሩን ስትነኩት ዋናው ጽሑፍ ይከፈታል። ክሎድና ቻትጂፒቲም ብዙ ፋይል ባንዴ ተቀብለው ያነጻጽራሉ። አይሳሳቱም ማለቴ አይደለም፤ ስህተቱን የምታረጋግጡበት ቦታ ግን አላችሁ።

ኤልሲ ላይ ምን ያህል እንደሚጠቅም ልንገራችሁ። ባንክ ዶክመንት የሚመልሰው በዋጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በፊደልም ነው። ይርጋጨፌ በእንግሊዝኛ ኤልሲው ላይ በሁለት ኤፍ፣ ኢንቮይሱ ላይ በአንድ ኤፍ ከተጻፈ አለቀ። አንዱ ወረቀት ሲዳማ ሌላው ሲዳሞ ካለም ያው። በዓለም አቀፉ ደንብ በዩሲፒ 600 መሠረት ባንኩ ዶክመንቱን ለማየት እስከ አምስት የሥራ ቀን አለው፤ ዶክመንቱ ራሱ ደግሞ ከጭነት በኋላ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ተመልሶ ሲታረም ቀኑ ይበላል። እና እኔ አሁን ኤልሲውን፣ ኢንቮይሱን፣ የማሸጊያ ዝርዝሩንና የቢል ኦፍ ሎዲንጉን ረቂቅ አንድ ላይ እሰጠውና «በአራቱ መካከል የማይመሳሰል ፊደል፣ ቁጥር፣ ቀንና የክብደት አሃዝ ሁሉ አውጣልኝ፤ ምንም አታስተካክል» እለዋለሁ። «ምንም አታስተካክል» የምትለዋ አስፈላጊ ናት። ካላላችሁት በደግነቱ ያስተካክልላችሁና ስህተቱን ይደብቅባችኋል። የሚያወጣውን ዝርዝር ይዤ በዓይኔ አያለሁ። ዓይኔ ደክሞ የሚያልፋትን አንዷን ፊደል ብዙ ጊዜ ይይዝልኛል።

ስሌት ላይ ምክሬ አጭር ነው፦ አታሰሉበት፣ ቀመር አስጽፉት። የቋንቋ ማሽን ነው፤ ቁጥር ሲያበዛ ይደነቃቀፋል፣ መለኪያችንንም በደንብ አያውቀውም። ፈረሱላ በእኛ ገበያ 17 ኪሎ ነው። 18 ብሎ ቢይዘው ከአንድ ኮንቴይነር ላይ 62 ፈረሱላ ይሰወራል፤ በ17 ሲካፈል 1,129 የሚመጣው በ18 ሲካፈል 1,067 ይሆናል። ስለዚህ «ሳንቲም በፓውንድን ወደ ዶላር በፈረሱላ የሚቀይር የኤክሴል ቀመር ጻፍልኝ፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ ኪሎ 2.2046 ፓውንድ ነው» በሉት። ከዚያ በእጃችሁ በምታውቁት አንድ ቁጥር ፈትሹ። ለምሳሌ ኒውዮርክ 300 ሳንቲም ቢሆን (የዛሬ ዋጋ አይደለም፣ ለምሳሌ ነው) ለ100 ታካፍላላችሁ፣ በ2.2046 ታባዛላችሁ፣ በ17 ታባዛላችሁ፤ 112 ዶላር ከ43 ሳንቲም ይመጣል። ቀመሩ ይሄን ካመጣ ኤክሴላችሁ ላይ አስቀምጡት፣ ከዚያ በኋላ ኤአይ አያስፈልጋችሁም። ጀንፈል ሲፈለፈል ስንት ንጹሕ ቡና ይወጣዋል የሚለውን ግን ማንንም አትጠይቁ፤ ናሙና አስፈልፍሉና መዝኑ።

ቀንና ሰዓት ላይ የተቃጠልኩ ስለሆንኩ ትንሽ ልጨምር። ኮንትራት ነክ ቀን ባለበት ጽሑፍ ሁሉ ቀኑን ራሳችሁ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉና ስጡት። ምንዘራውንም በካሌንደር እንጂ በኤአይ አትሥሩ። ጳጉሜ 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ከመስከረም እስከ የካቲት ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል፤ ሰኔ ላይ የተሸመደደ ልዩነት ታህሳስ ላይ ላይሠራ ይችላል። ሰዓትም እንደዚሁ። «ነገ 3 ሰዓት በር ላይ ይድረስ» ያላችሁት በእንግሊዝኛ ሦስት ሰዓት ሆኖ ይወጣል፤ ጠዋት የምትጠብቁት መኪና ለከሰዓት ይቀጠራል። «ጠዋት 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 9 ሰዓት» ብላችሁ ጨርሱት።

ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ ቢሳሳት ስንት ያስከፍላል ያልኩት፣ ስህተትን ብቻ አይደለም የሚመለከተው፤ ምስጢርንም ነው። ይሄ ክፍል በተለይ ለዩኒየኖች ነው።

የሚከፈልባቸው ኤአዮች በወር 20 ዶላር አካባቢ ናቸው፤ የብር ካርዳችን ደግሞ አይሠራም። ስለዚህ ምን ተፈጠረ? እዚሁ ቴሌግራም ላይ «ፕሪሚየም አካውንት በብር» የሚሸጡ በዙ። አንድ አካውንት ለስንት ሰው እንደተሸጠ አታውቁም። እኔም አንድ ጊዜ ገዝቻለሁ። ስከፍተው በጎን በኩል የሌሎች ሰዎች ንግግር ተደርድሮ አየሁ፤ አንዱ የማላውቀው ላኪ ለገዢው ያቀረበው የሰሊጥ ዋጋ ነበር። የእሱን እኔ ካየሁ የእኔን ስንቱ ያያል? ያኔውኑ ዘጋሁት። የቻትጂፒቲን ስም ለጥፈው የሚሠሩ የቴሌግራም ቦቶችም አሉ፤ የምትልኩት ወረቀት መጀመሪያ የሚደርሰው የቦቱ ባለቤት ጋ ነው። ማን እንደሆነ አታውቁትም። ከእነዚህ የድርጅቱ ነፃ ስሪት በራሳችሁ ኢሜይል ተከፍቶ ይሻላል።

ነፃውም ቢሆን ጣጣ አለው። የምትጽፉት ለማሠልጠኛ ሊውል ይችላል። ቻትጂፒቲ ላይ ይሄን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ መቼት ውስጥ አለ፤ አጥፉት። ጀሚኒ ላይ ጉግል ራሱ ንግግሮችን ሰው ሊያያቸው እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ዲፕሲክ ነፃና ጎበዝ ነው፣ መረጃው የሚቀመጠው ቻይና ነው። የትም ይቀመጥ የት፣ የገዢውን ስም፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩንና ዋጋውን በ«ገዢ ሀ» እና በ«000» ቀይሩና ስጡት። ስም ማነጻጸር የግድ ሲሆን፣ ለምሳሌ ኤልሲው ላይ፣ ዋጋውንና ሒሳብ ቁጥሩን ብቻ ሸፍኑ።

የገበሬ ዝርዝር ግን በጭራሽ። ለኢዩዲአር ብላችሁ የሰበሰባችሁት የገበሬ ስም፣ ስልክና የማሳ ጂፒኤስ ማለቴ ነው። አንድ የዩኒየን ልጅ 600 ገበሬ ያለበትን ኤክሴል «አስተካክልልኝ» ብሎ ነፃ ኤአይ ላይ ሊጭን ሲል ደርሼ አስቁሜዋለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ያ ዝርዝር የእናንተ ንብረት ብቻ አይደለም። ከገበያም አንጻር ብታዩት፣ የአባሎቻችሁ ማሳ የት የት እንዳለ ተፎካካሪ እንዲያውቀው ትፈልጋላችሁ?

ደግሞም ለዚያ ሥራ የንግግር ኤአይ ትክክለኛው መሣሪያ አይደለም። ደንቡ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያውን የሚከብ ካርታ፣ ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይፈልጋል፤ ቦታው ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 ወዲህ ደን የተመነጠረበት አለመሆኑ መታየት አለበት። ቻትጂፒቲን «ይሄ ማሳ ደን ነበር ወይ?» ብትሉት የሳተላይት ምስል አይቶ አይደለም የሚመልሳችሁ፣ ገምቶ ነው። ለዚህ ፋኦ ከአጋሮቹ ጋር ያወጣው ዊስፕ የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ፤ ነጥቡን ከብዙ የደን ካርታዎች ጋር ያነጻጽራል። እሱም ቢሆን የእኛን የጥላ ቡና ደን ብሎ ሊያነበው ስለሚችል ቀይ ያበራው ማሳ ጋ ሰው ሄዶ ማየት አለበት።

ስለ ቋንቋ። በአማርኛ ጽሑፍ ከትልልቆቹ ውስጥ ጀሚኒና ክሎድ ለእኔ የተሻለ ሆነውልኛል፤ ይሄ የእኔ ግምት ነው፣ በየወሩም ይለዋወጣል። ለትርጉም ብቻ ከሆነ ጉግል ትርጉም አማርኛን ከ2016፣ አፋን ኦሮሞን ደግሞ ከ2022 (ሁለቱም በፈረንጅ) ጀምሮ ይሠራል፤ ለአማርኛና ትግርኛ ልሳን የሚባል በእኛው ልጆች የተሠራም አለ። የገበሬ የድምፅ መልእክት ወደ ጽሑፍ ስታስቀይሩ ቁጥሩን ሁልጊዜ መልሳችሁ ስሙ። «ስድስት ሺ» እና «ስልሳ ሺ» የስልክ ድምፅ ላይ ለሰውም ያሳስታሉ፤ ከኋላ ጭነት መኪና እያንባረቀ ከሆነማ ተዉት።

«ፎቶ አንስቼ የቡናዬን ደረጃ ይነግረኛል?» ያላችሁኝ ሦስት ሰዎች ናችሁ። አይነግራችሁም። በእኛ ደረጃ አወጣጥ ከመቶ 40ው ብቻ ነው በጥሬው የሚታየው፣ 60ው ሲኒ ውስጥ ነው። ስልክ አይቀምስም።

«ዋጋ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» የሚለውን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ኤአይ ጠይቃችሁ መልሱን ወደ እኔ ትልኩልኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ብራዚል ላይ ውርጭ ሲወርድ ገበያው በቀናት ውስጥ ዘለለ፤ ከሳምንት በፊት ያንን የነገረን አልነበረም። ማሽኑ የሚሰጣችሁ የተንታኞችን አስተያየት አሳጥሮ ነው። «ለመጨመርም ለመቀነስም ምክንያቶች አሉ» ብሎ ያጠናቅቃል፤ እኔም ሲቸግረኝ እንደዚያው ነው የምጽፈው፣ ታውቁታላችሁ። የትኛው ምክንያት ከየት እንደመጣ ለማየት ጠይቁት፣ ለመሸጥ ወይም ለመያዝ ግን አትጠይቁት።

የእህሉ ገበያ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። የእህል በረንዳ የጠዋት የጤፍ ዋጋ፣ የአዳማ የስንዴ ዋጋ፣ የሻሸመኔ ቦሎቄ፣ ኢንተርኔት ላይ የሉም ማለት ይቻላል፤ ያሉት በሰው ስልክ ውስጥ ነው። ስለዚህ ፍለጋ ያለውም የሌለውም ኤአይ የሚሰጣችሁ ወይ የወራት ዋጋ ነው ወይ ፈጠራ። ባለፈው አንድ ነጋዴ «ኤአዩ የማኛ ኩንታል ዋጋ ይሄ ነው አለኝ» ብሎ ከገበሬ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰምቻለሁ። ገበሬው ጠዋት ደውሎ ነበር የመጣው፤ ነጋዴው ባዶ መኪናውን ይዞ ተመለሰ። ለዚህ ሥራ የምመክረው መሣሪያ ስልክ መደወል ነው። የእርሻ ምክር ለሚፈልግ አባል ገበሬም 8028 እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በነፃ ጥሪ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ አለ፤ ስማርት ስልክም ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ከዚህ የሚሻል ኤአይ ለዚያ ገበሬ አላውቅም።

እኔ አሁን ምን እጠቀማለሁ? ደብዳቤ በጀሚኒ ነፃው፤ ቀንና ቁጥር በእጄ እሞላለሁ። ኮንትራትና መመሪያ በኖትቡክኤልኤም። የኤልሲ ንጽጽር በክሎድ፣ ዋጋው ተሸፍኖ። ዜና በፐርፕሌክሲቲ፣ ማስፈንጠሪያው ተከፍቶ። ስሌት በራሴ ኤክሴል። ለአንዳቸውም እየከፈልኩ አይደለም፤ በቀን አንድ ሁለት ዶክመንት ለሚያይ ሰው ነፃው ይበቃል። በቀን 20 ዶክመንት የሚያልፍበት የላኪ ቢሮ ግን መክፈል አለበት፤ ዶላር ካርድ ባለው ድርጅት ስም፣ የንግድ ስሪቱን፣ ለማሠልጠኛ እንደማይውል የሚገልጸውን ውል አንብቦ።

ያ ዩኒየን ደግሞ አሁን ደብዳቤውን ሲልክልኝ «ሰኔ 30 (ጁላይ 7)» ብሎ ነው የሚጽፈው። ሥራ አስኪያጁ በቅንፍ ያለውን በቀይ እስክሪብቶ ያሰምሩበታል።

አንድ ነገር እንድትረዱኝ። የአፋን ኦሮሞ የድምፅ መልእክትን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር የሞከራችሁ ካላችሁ፣ በተለይ የጉጂና የአርሲ አነጋገር ላይ፣ ቁጥሮቹን ስንቱን ልክ እንዳወጣ ጽፋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ሰብስቤ እለጥፈዋለሁ። የሰኞ ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይወጣል።